ሳይቀመስ የተሸጠው ጩኮ

አደ ፋጡን የአሰላ ሰው የሚያውቃቸው በመዳፋቸው ነው። ቅዳሜ ገበያ ከቅቤ ተራ ጫፍ ይቀመጡና ከጩኮው ጥፍር የምታህል ቆርሰው መዳፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። ገዢ ሲመጣ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ቸኩሎ «ግድ የለም፣ ይጠቅልሉልኝ» ላላቸው ሰው አይሸጡም። «ሳይቀምስ የገዛ ኋላ ሲያማ ይኖራል» ይሉታል፤ ሰውየውም እየሳቀ ይቀምሳል።

ጩኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በንጥር ቅቤ የሚታሽ የአርሲ ስንቅ ነው። ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም። የእሳቸው ገብስ ከጭላሎ ግርጌ፣ ቅቤው ከሁሩታ ይመጣል። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖአቸዋል። በዚሁ ሥራ ሁለት ሴት ልጆች አሳድገው ድረዋል። መሬት የላቸውም፣ ሱቅ የላቸውም። ያላቸው ነገር ስማቸው ነው፤ «የፋጡ ከሆነ ይሁን» የሚባልላቸው።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ለዚህም አላህን አመሰግናለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስለ ኤሌክትሮኒክ ንግድ የሚያስተምር መጽሐፍ ገዛሁ። አንብቤ ስለ ተደነቅሁ ለአደ ፋጡም ነገርኳቸው። ሱቁ በስልክ ላይ ያለ ፎቶ ነው፤ ገዢው አይቶ ያዝዛል፤ ገንዘቡ በስልክ ይመጣል፤ ዕቃው ከመናኸሪያ በሚኒባስ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሞተረኛ ተቀብሎ በር ድረስ ያደርሰዋል አልኳቸው። ሁሉንም በጥሞና ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ቅምሻውስ?»

መጽሐፉ ለዚህም መልስ ነበረው። የገዛ ሰው አስተያየቱን ይጽፋል፤ የሚቀጥለው ያንን አንብቦ ይገዛል።

«እንግዲያው በሌላ ሰው አፍ ነው የሚቀምሱት» አሉኝ። «ያ ሌላው ሰው ጉንፋን ይዞት እንደሆነስ?»

ስቀን አለፍነው።

ኋላ ግን እስቲ ይሞከር አሉ፤ ይህን የስልክ ሱቅ፣ ቻናል የሚሉትን፣ የከፈተላቸው ሙንተሲር ነው። የወንድማቸው ልጅ ሲሆን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ቻናሉ የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ስለሆነ ቁጥራቸውን ጠየቃቸው። አደ ፋጡ እንቢ አሉ። ባል የሞተባት ሴት ቁጥሯን ለአገር ሁሉ ስትበትን ደስ አላላቸውም። ፎቶ መነሳቱን ግን አልጠሉትም። «ፊቴን ገበያው አርባ ዓመት አይቶታል። ቁጥር ግን የቤት በር ነው፤ የማላውቀው ወንድ አያንኳኳውም» አሉ። ሙንተሲር ወደ እኔ ዞረ። እኔም የማን ቁጥር ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ዋናው ዕቃው ነው አልኩ። ስለ ባለቤትነት የሚናገረውን የመጽሐፉን ክፍል አሰልቺ ነው ብዬ ዘልዬው ነበር። ስለዚህ «የፋጡ ጩኮ» በሙንተሲር ቁጥር ተከፈተ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው የሚስቁበት ፎቶ ተለጠፈበት።

የመጀመሪያዋ ገዢ መሰረት ነበረች። አሰላ ተመድባ አራት ዓመት የሠራች ነርስ ናት፤ ያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተዛውራ ነበር። ደርሷት ስትቀምስ «የገበያው ጣዕም ነው፤ እጃቸው ይባረክ» ብላ ጻፈች። እሷን አይተው ሌሎች አዘዙ፤ ሌሎቹን አይተው ደግሞ ሌሎች። በሁለት ዓመት ውስጥ ተከታዩ ሃያ ሺህ ደረሰ። ሙንተሲር መልእክቱን ሁሉ በጥሩ አማርኛ ይመልሳል፤ አደ ፋጡ ያሻሉ፣ ያሽጋሉ። ባሸጉት ዕቃ ሁሉ ላይ ግን በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ቁራሽ ለብቻዋ ያስቀምጣሉ። ገዢው ማሸጊያውን ሳይከፍት መጀመሪያ እሷን ይቅመስ፤ ካልጣመው ዕቃውን ይመልስ። እንዲህ የሚያደርግ ሻጭ መጽሐፉ ላይ አላነበብኩም።

አምና ትእዛዙ ቀነሰ፤ ቆይቶም ጠፋ። ሙንተሲር ሰዉ ኑሮ ከብዶት ነው፣ ኔትወርኩም መጥፎ ነው እያለ አለፈው። በረመዳን ማቀዝቀዣ ገዝቶ አመጣላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉለት። አሚን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

በግንቦት መሰረት ለሥልጠና አሰላ መጣች። እኔ ባለሁበት በቀጥታ አደ ፋጡ ቤት ገብታ ከቦርሳዋ በቻናሉ አዝዛ የደረሳትን አንድ የታሸገ ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክዳኑ ላይ የአደ ፋጡ ፊት ታትሟል፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ይስቃሉ።

«እማማ፣ በእርስዎ አፍሬ አላውቅም ነበር» አለች። «ለጓደኞቼ ሁሉ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ምን ሆነው ነው?»

አደ ፋጡ እንዲህ ያለ ክዳን አይተው አያውቁም። ከፈቱት፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው ቆርሰው ቀመሱ። ፊታቸው ተለወጠ። ምግብ አይተፋምና ታግለው ዋጡት። ገብሱ በቅጡ አልተቆላም፤ ቅቤ የተባለውም የሚረጋ ዘይት ነው አሉ። ከዚያ ክዳኑ ላይ ያለውን ፊታቸውን ገልብጠው ወደ ጠረጴዛው አደረጉት።

ለቅሶ እንደሚሄዱ ነጠላቸውን ለበሱና ሦስታችንም ሙንተሲር ጋ ሄድን። መሰረት ዕቃውን ስታወጣ የሚጠግነውን ስልክ አስቀመጠ። አልዋሸም። ቻናሉን የዛሬ ዓመት ለአንድ ነጋዴ ሸጦታል። ሰውየውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ የተዋዋሉትም በስልክ ነው። ትዳር ሊይዝ ስለነበር ገንዘቡን ለቤት ዕቃ አውሎታል። ማቀዝቀዣውም ከዚያው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቱን እህት በአፋን ኦሮሞ «አዳዳ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ያን ቀንም አልተወውም።

«አዳዳ፣ የሸጥኩት ቻናሉን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም።»

«ፊቴስ?»

ሙንተሲር አቀረቀረ። «ፎቶው አብሮ ይሄዳል። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«አንተስ አሠራሩን ታውቃለህ» አሉት፤ ወደ እኔ ዞረው ግን «እንሂድ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። ማቀዝቀዣውን በማግስቱ በጋሪ አስጭነው መለሱለት። ያደረጉለትን ዱዓ ግን መመለስ አይቻልም።

እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም። ያን የዘለልኩትን ክፍል ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በራሳቸው ቁጥር አዲስ ቻናል ከፈትንላቸው። ያን የቤት በር የሚሉትን ቁጥር በገዛ አፋቸው ነገሩኝ። አዲስ ፎቶ አነሳኋቸው፤ የሆነውንም በአጭሩ ጻፍኩ። መሰረት ለምታውቃቸው ሁሉ ላከችላቸው።

በሁለተኛው ቀን አስተያየቶች መምጣት ጀመሩ። «እውነተኛዋ ፋጡ ሃያ ሺህ ተከታይ አላት፤ አንቺ ማነሽ?» አለ አንዱ። «የሰው ፎቶ ሰርቀሽ ልትነግጂ?» አለች ሌላዋ። አደ ፋጡ በድምፅ ልናገራቸው አሉ። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ ጩኮውን እንዴት እንደሚያሹት በረጋ ድምፅ ተናገሩና ላክነው። አማርኛቸው የአርሲ ሰው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛው ከሥሩ ይሰማል። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «የፋጡን አማርኛ በጽሑፍ እናውቀዋለን፤ እንዲህ አትናገርም።»

እንዳያነቡት ስልኩን ላርቀው ፈለግሁ። ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ አለኝ፤ ግን አንብብልኝ ብለው ጠበቁኝ። ውሸት ሐራም ነው፤ አነበብኩላቸው።

«እኔን የምትመስል ሴት ፈጥረው ከእኔ አስበለጧት» አሉ። ከዚያ «አብዶ፣ ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት።

አሁን እንደ ድሮው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅቤ ተራ ጫፍ ይቀመጣሉ። አልሐምዱሊላህ፣ እጃቸው ሥራውን አልረሳም፤ የአሰላ ሰውም አልራቃቸውም። ኢንሻአላህ እውነት አንድ ቀን ይወጣል እላለሁ። እሳቸው ግን ይህን ስላቸው «ይውጣ፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ» ይሉኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ላያቸው ሄጄ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት አለፈች። ቆም ብላ ፊታቸውን ትክ ብላ አየች።

«እማማ፣ የፋጡ ጩኮ ላይ ያለችውን ሴትዮ ይመስላሉ።»

«ብዙ ሰው እንዲያ ይለኛል» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «ቅመሺ።»

ልጅቷ በትህትና ደረቷን ነክታ አመሰገነች። «ይቅርታ፣ አንዴ በስልክ አዝዤ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጩኮ ሲባል ያንገሸግሸኛል» ብላ ሄደች።

አደ ፋጡ መዳፋቸውን ወዲያው አላጠፉም። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር ቅቤው መዳፋቸው ላይ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ቁራሹን ወደ ራሳቸው አፍ ከተቱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አኘኩት።

«ይሄ የእኔ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ቁራሽም ቆርሰው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ።