በእሳቱ ፊት የተቆጠረ ሰባት ቤት

ልጄ ህንዳዊ ልታገባ መሆኑን የፌርፋክስ ሰፈር ሐበሻ ከእኔ ቀድሞ ሳይሰማ አልቀረም። በርበሬ ልገዛ ሱቅ በገባሁ ቁጥር፣ "እውነት እሳት ሊዞሩ ነው?" የምትለኝ ሴት አላጣም ነበር። "አዎ ይዞራሉ፤ አንቺም መጥተሽ ትሞቂያለሽ" እላታለሁ። በልጄ ሠርግ ማንም ከንፈር እንዲመጥልኝ አልፈለግኩም። ልጁን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ቤቴ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እግሬን ነክቶ ነው ሰላም የሚለኝ። የእኛዎቹ ጎረምሶች ጉልበት መሳም ከተዉ ቆይተዋል።

ሠርጉ በእነሱ ወግ፣ መልሱ በእኛ እንዲሆን ተስማማን። የልጁ ቤተሰቦች ሥጋ የሚባል ነገር አይነኩም። እኛ ምን ቸገረን፣ ከዓመቱ እኩሌታውን የምንጾም ሰዎች! ምግብ ቤት ላላት ጓደኛዬ "ሁሉም የጾም ይሁን" ብዬ ነገርኳት። እሷም የጾም ነው ብላ ዓሣ ጉላሽ ጨመረችበት። ለቅምሻ የጠራናቸው ቀን የልጁ እናት ድስቱን ከፍተው አዩና መልሰው ከደኑት። ጓደኛዬ "ዓሣ እኮ ጾም ነው" እያለች ልታስረዳቸው ትሞክራለች። ይህ ክርክር ለራሳችንም ጠርቶልን አያውቅ፣ ለእነሱ በምን ይገባቸዋል? ተሳሳቅን፤ ዓሣውን እኛ በላነው።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የልጁ እናት ሥርዓቱን ያስረዱን ጀመር። የሙሽራዋ አባትና እናት አብረው በአበባ በተሸፈነው ዳስ ውስጥ ከእሳቱ ፊት ይቀመጣሉ፤ የአያት ቅድመ አያቷን ስም ይጠራሉ፤ ከዚያ እጇን በሙሽራው እጅ ላይ ያስቀምጣሉ። ልጅ ተዳረች የሚባለው ያኔ ነው። ባለቤቴ ያረፈው ልጃችን ገና ዳዴ ስትል ነው።

ከጠረጴዛው ጫፍ ነጭ ሳሪ ለብሰው የተቀመጡት የልጁ አያት በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ለሠርጉ ብለው ከህንድ የመጡ ሴት ናቸው። ልጁ አንገቱን ደፋ።

"ምን አሉ?" አልኳት ቋንቋቸውን ከልጁ የለመደችውን ልጄን።

"ማሚ፣ አፕሴት እንዳትሆኚ። ባል የሞተባት ሴት እዚያ አትቀመጥም ነው የሚሉት፤ ለሙሽሮቹ ጥሩ አይደለም ይባላል። ሶ አጎቴና ሚስቱ ሪፕሬዘንት ቢያደርጉሽስ እያሉ ነው።"

"አፕሴት አልሆንኩም" አልኩ። ደሜ ግን ፈልቶ ነበር። ሚድ ዊልሻየር ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ የሰው መኪና ሳቆም የዋልኩት እኔ፣ ትኩሳቷን በመዳፌ የለካሁት እኔ፣ ስትዳር ከኋላ ወንበር ላይ ላጨበጭብ?

"አንቺ ማንን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"ያሳደገኝ ማን ነው?" አለች ልጄ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅኩም፤ የምቀመጠው እኔ ነኝ አልኩ።

የልጁ እናት ለካህናቸው ደወሉ። እሳቸውም ያሳደገ ይዳር አሉ። አያትየው አልተከራከሩም። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በየሠርጉ እንደሚያደርጉት ከኋላ እንደሚቀመጡ ብቻ ተናገሩ። ያን ስሰማ ንዴቴ በረድ አለ። ለካ ለእኔ የከለከሉኝን ለራሳቸውም አልፈቀዱም።

የሠርጉ ቀን ክሬንሾው አካባቢ በተከራየነው አዳራሽ ስንደርስ ወንድሜ መኪናውን ፓርክ አድርጎ በሩን ከፈተልኝ። "እትዬ፣ ሐሳብሽን ከቀየርሽ እኔ ሱቴን ለብሻለሁ" አለኝ። "ሱትህ ያምርብሃል፤ ሂድና እንግዳ አስተናግድ" አልኩት። ጥለቱ ወርቅማ የሆነውን ነጭ ሀበሻ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ነጭ በእነሱ ዘንድ የሐዘንተኛ፣ በእኛ የደስታ ልብስ ነው። ያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ ካለው ቀይና ብርቱካናማ መሐል እኔ ከፊት፣ አያትየው ከኋላ፣ ሁለት ነጭ ለባሾች ነበርን።

ልጄ በቀይ ልብስ፣ እጇ በሂና አጊጦ ስትገባ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ካህኑ እሳቱን ለኩሰው ወደ እኔ ዞሩና የአባቷን፣ የአያቷንና የቅድመ አያቷን ስም ጠየቁኝ። በደንብ ነው የማውቀው። እኔ ስታጭ ሽማግሌዎቹ ዘመዳሞች እንዳንሆን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ልጄንም ትራፊክ ላይ በቆምን ቁጥር እያስቆጠርኩ ነው ያሳደግኳት። የባለቤቴን ስም ጠራሁ። የአባቱን አስከተልኩ። ካህኑ እያንዳንዱን ስም እየተቀበሉ በዜማቸው ውስጥ ያስገቡታል።

ሦስተኛው ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እንዴት ብሎ? ሦስት ላይ የሚያቆም እኮ የቀረውን የማያውቅ ነው የሚመስለው። አራተኛውን ጠራሁ። ካህኑ ቀና ብለው አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ተቀበሉኝ። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን። ሰባተኛው ላይ ስደርስ የፌርፋክስ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ስለ እሳቱ ስትጠይቀኝ የነበረችው ሳትቀር። የልጄን እጅ በልጁ እጅ ላይ አኖርኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ተራው የወንዱ ወገን ሆነ። የልጁ አባት ሦስት ስም ጠርተው አበቁ። ይሄኔ ከኋላ ጩኸት ተሰማ። አያትየው ተነሥተዋል። ልጄ ሳቋን እያፈነች ጆሮዬ ላይ ተጠጋች፤ "ማሚ፣ 'የእኛ ሦስት ብቻ ነው እንዴ? ቆይ እንጂ!' እያሉ ነው።"

ከዘራቸውን እያንኳኩ በወንበሮቹ መሐል መጡ። ማንም አልደገፋቸውም፣ ማንም አላስቆማቸውም። ዳሱ ውስጥ ገብተው ከእሳቱ ፊት ቆሙና አራተኛውን ስም ጠሩ፤ ካህኑ ተቀበሉ። እየቀጠሉ ሰባተኛው ላይ ደረሱ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ እኔን እያዩ ስምንተኛውን ጨመሩ። አንድ በለጡኝ! የእኛ ሴቶች ለእሳቸውም እልል አሉ።

ምራታቸው፣ የልጁ እናት፣ ወደ ኋላው ወንበር ሊመልሷቸው ክንዳቸውን ሲይዙ፣ አያትየው ቆመው የመጡበትን መንገድ አዩ። እኔ ከተቀመጥኩበት ፈቀቅ ብዬ ቦታውን በእጄ መታ መታ አደረግኩላቸው። ክንዳቸውን አስለቀቁና አጠገቤ ተቀመጡ። ልጆቹ እሳቱን መዞር ሲጀምሩ የምንበትንላቸው አበባና ሩዝ ሰጡን። እሳቸው በነጩ ሳሪያቸው ከሁላችን ቀድመው በተኑላቸው፤ የያዙት ሲያልቅም ከእኔ እፍኝ እየዘገኑ።