ለጊታሪስቱ የመጣው መርዶ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በስደት ሳን ሆዜ ከተማ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ነው። ደግ ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ እያልኩ ብዙ ጊዜ ስለማስበው ከልቤ አልወጣም።

አንድ የስኮትላንድ ፖፕ ባንድ ሆቴላችን ውስጥ ክፍል ይዞ ነበር። ዘፈናቸው አንድ ሰሞን በሬዲዮ ሲደጋገም ቆይቶ፣ ያኔ በየትንንሹ አዳራሽ የሚዞሩ ጨዋ ሰዎች ነበሩ።

ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። የጊታሪስቱ እህት ናት። «አባታችን አርፏል በይልኝ። ይደውልልኝ» ብላ ዘጋች።

ደንቡ መልእክቱን ጽፎ ከክፍሉ ቁልፍ ጋር ማስቀመጥ ነው። ሥራውን ያገኘሁት ዘግይቼ ተምሬ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ደንብ አላፈርስም። እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። መርዶ እንዴት በቁራጭ ወረቀት ይነገራል?

የሆቴሉን ሚኒባስ ለሚነዱት ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው።

«ፈረንጅ እኮ ነው! ሜሴጁን ጽፈሽ አስቀምጪ። ፋየር አድርገው ቢያባርሩሽ ማን ይደርስልሻል?»

«መርዶው ለእርስዎ ቢሆንስ ጋሼ?»

የሚኒባሱን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው አጠገቤ ቆሙ።

ወዲያው ጊታሪስቱ እያፏጨ ከሊፍቱ ወጣ። «ደኅና አደርሽ! የደወለልኝ አለ?»

«ቁርስ ሊነሳ ነው፣ መጀመሪያ ይብሉ» አልኩት። ሳቅ ብሎ ወደ ቁርስ ክፍሉ ገባ።

ከበሮ መቺያቸው፣ የባንዱ ታላቅ፣ መዋኛው ጋ ነበር። ሮጬ ነገርኩት። ውኃው ሳይደርቅለት መሬት ላይ ዘፍ አለ። «ከከተማ ከተማ ያዞሩን እኮ አባቱ ነበሩ፣ በዓሣ ማመላለሻ መኪናቸው። እሱ ያኔ ጢም እንኳ አላበቀለም» አለኝ። ከዚያ ጓደኞቹን ሊጠራ ሄደ።

በቁርስ ክፍሉ የመስታወት በር አያቸዋለሁ። በልቶ እስኪጨርስ ጠበቁትና ግራና ቀኙን ተቀምጠው ነገሩት። ቢቆጣስ? ለአለቃዬ ቢከሰኝስ?

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ። ብቻዎን እንዲሰሙት አልፈለግኩም።»

አየኝ፣ አየኝና «ስልኩን ስጪኝ» አለ። አለቃዬን ሊጠራ መሰለኝ። የደወለው ግን ለእህቱ ነው። ገና ስታነሳ «ማን አለ አብሮሽ?» አላት።

ማንም አልነበረም። ጎረቤት እስክትመጣላት ስልኩን አልዘጋም። እንግዶች ተሰልፈው ያጉረመርማሉ፤ ጋሽ ተፈራ ሻንጣቸውን እየተቀበሉ ያባብሉልኛል።

እኔ ያን ሁሉ የተጨነቅሁት ለእሱ ነበር። መርዶውን ያቀበለችኝ ሴት ብቻዋን መሆኗ ትዝም አላለኝ። ዛሬ የሞት ወሬ ሊነግረኝ የሚደውል ሰው ካለ፣ ማን ሞተ ከማለቴ በፊት አጠገቡ ማን እንዳለ እጠይቀዋለሁ።