ሻባት ሳይገባ የቀለለው ጭቃ

ሥራዬ ጭቃ ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። ባሕር ላይ ጋዝ ስንቆፍር በቧንቧው ወደ ታች የምንለቀው ጭቃ የተፈጨውን ድንጋይ ጠርጎ ይመለሳል፣ መሰርሰሪያውን ያቀዘቅዛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በክብደቱ ጋዙን እታች አፍኖ ይይዛል። ጭቃው ከቀለለ ጋዙ ገፍቶ ይወጣል። እላዩ ላይ የቆመው ደግሞ ሰው ነው።

ያን ዓርብ ከጉድጓዱ የተመለሰው ጭቃ አረፋ ይዞ፣ ከላክነው ቀልሎ ነበር። ሊተካኝ የመጣው አብሮ አደጌ ነው፤ እናቱ ዶራ ሰፈር ውስጥ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖራሉ። «አክብደው፣ ቶሎ!» አልኩት። የሚያከብደውን ዱቄት ማስጨመር ሲጀምር ሄሊኮፕተሩ ወደ የብስ ይዞኝ ሄደ።

እናቴ ዓርብ ሲመሽ፣ ሰንበቱ ሻባት ሳይገባ የቤቱን ስልክ ሁሉ አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች። እስከ ቅዳሜ ምሽት የሚነካው የለም። እኔም በዚህ ተከራክሬያት አላውቅም።

ቅዳሜ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን። በሕንፃዎቹ መሃል የሚታየው ባሕር ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ራሱ አናደደኝ። ከሰዓት በኋላ የአብሮ አደጌ እናት የሰንበት ሰላምታውን፣ ሻባት ሻሎም፣ ሊሉን ከታች ወጡ።

«ልጄን እንዴት ተውከው?» አሉኝ።

«በሰደር ነው፣ ደህና ነው» አልኳቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳላይ።

የቀረበላቸውን ዳቦ ሳይቆርሱ ወረዱ።

እናቴ በሩን ዘግታ ዞረችብኝ። «ምን ያንቆራጥጥሃል?»

«ጭቃው ቀልሎ ነበር፣ እማዬ። ጋዙ ከወጣ ሰው ይሞታል።»

«አሁን እዚያ ያለው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ሄዳ መሳቢያውን በገዛ እጇ ከፈተችው። በሻባት እሳት ሳትነካ አድጋ ያረጀች ሴት ናት። «ፔሌፎንህ ይኸው። ደውል፣ ለነፍስ ነው።»

ብዙ ጠራ። ፈራሁ፣ ክፉኛ ፈራሁ።

«ማ ኮሬ? ምን ተፈጠረ? ዛሬ ሻባት አይደለም እንዴ?» አለኝ ጓደኛዬ፣ ምግብ እያላመጠ። ጭቃው ከብዷል፤ አረፋውም ጠፍቷል። ልሰድበው ቃጥቶኝ «ብላ፣ ብላ» ብቻ አልኩት።

«በል ውረድና ለእናቱ ንገራት» አለች እናቴ።

«በሰደር ነው ብያቸው የለ?»

«ዳቦውን አላየኸውም?»

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩት። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። እናቱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው፤ ለካ ከእኛ ቤት ከወረዱ ጀምሮ እዚያው ከበሩ ኋላ ቆመው ነበር።