የከለከልኩት የስለላ መጽሐፍ

ስድስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ከፍኖተ ሰላም የስለላ ታሪክ መጽሐፍ ተውሳ ስትመጣ ቀማኋት። ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስም መቀየርና ሰው መከታተል ትማር? ሆሆይ! መምህር አይደለሁም እንዴ! «ለልጅ ይሆን እንደሆነ መጀመሪያ እኔ ልመርምረው» አልኳት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጀምሬ፣ ምሳዬን እንኳ በቅጡ ሳልበላ ጨረስኩት። ከዚያም «ለልጅ አይሆንም» ብዬ ፈረድኩ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴን ለአንድ ወጣት ለመጠየቅ ከቋሪት ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆረጠ። ልጁን ትወደዋለች፤ ስሙ ሲነሳ ፊቷ ያበራል። ግን በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ዝምድና ከተገኘ አለቀ። አባታችን ስላረፉ የልጁን ዘር ማጣራት የእኔ ሥራ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ በግልጽ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን መጽሐፉ ገና ከራሴ አልወጣም። ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ዝቅ አድርጌ፣ በሬ ገዢ መስዬ እዚያው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ገበያ ገባሁ።

አንድ አዛውንት በሬ ይዘው ቆመዋል። ጥርሱን እያየሁ ስለ ልጁ ቤተሰብ ዙሪያ ጥምጥም ስጠይቃቸው፣ «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ጎጃም ውስጥ ይህን ጥያቄ የማይጠብቅ እኔ ብቻ ነኝ! ደነገጥኩና እንዲያምኑኝ ብዬ፣ በዚያ አገር ስማቸው ሲወሳ የሰማኋቸውን አንድ ባላባት ቅድመ አያቴ ናቸው አልኩ። አዛውንቱ አቅፈው ሳሙኝ። እኔም ስለላው የሠመረልኝ መስሎኝ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቡሬ ተመለስኩ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እንደ ወጉ ነገሩ እስኪያልቅ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። መሐላቸው ያ ባለ በሬ! ለካ የልጁ አጎት ናቸው። እንዳዩኝ፣ «በስመ አብ! ይህማ የእኛው ዘር ነው። ጋብቻው ቀርቷል!» አሉ።

ከጓዳ የእህቴ ሲቃ ተሰማኝ።

«ዋሽቼ ነው፣ አባቴ» አልኩ።

«ለምን?»

«አንድ... የልጆች መጽሐፍ አንብቤ።»

ልጄ ከጓዳ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። «እንግዲያው እውነተኛውን ቁጠር፤ እስከ ሰባት» አሉኝ።

ቆጠርኩ። አራተኛው ላይ ደርሼ ቀጥ! የሰው ልጅ የማስተምረው ሰውዬ የራሴን አባቶች አላውቃቸውም። አዛውንቱ ዱላቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ።

ሽማግሌ ፊት ድምፅ ማሰማት ለምትጠየቅ ልጅ ነውር ነው። እህቴ ግን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አምስተኛውን ጠራች፤ ስድስተኛውን፤ ሰባተኛውን። አዛውንቱ ከራሳቸው ዘር ጋር አስተያዩት፤ ከእነሱ አንድም የለበትም።

አዛውንቱ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔን ተቀመጥ ያለኝ የለም።