ለጉድጓድ የቀዳሁት ውሃ

ቧንቧችን ውሃ ከመምጣቱ በፊት ያቃስታል። መጀመሪያ ከግድግዳው ውስጥ የታፈነ ትንፋሽ ይሰማል፤ ቀጥሎ ያስላል፤ ሁለት ሦስቴ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ይተፋና ከዚያ በኋላ ነው በወጉ የሚፈሰው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለምንኖር ሰዎች ያ ማቃሰት የምሥራች ነው። በፈረቃችን ቀን ሲሰማ ሕንፃው በሙሉ ይነቃል፤ ባልዲውም ሳፋውም በርሜሉም ይንኳኳል። እኔ ግን ባልዲዬን ከማንሳቴ በፊት ለአፍታ ፈዝዤ እቆማለሁ። አባቴ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ እንዲሁ ያስል ነበር።

ያደግሁት አቃቂ በሰቃ ነው፤ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ። አባቴ በአካባቢያችን ከተቆፈሩት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች በአንዱ የሞተር ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ከምድር በታች ያለውን ውሃ እየሳበ ወደ ከተማ የሚገፋውን ሞተር ማስነሳት፣ ድምፁን ማዳመጥ፣ ሲግል ማጥፋት። «አዲስ አበባ ፊቷን የምትታጠበው በእኔ እጅ ነው» እያለ ይጎርር ነበር። ታዲያ ይሄ ከተማ የሚያጠጣ ሰው የራሱን መጠጥ ከቤት በኮዳ ይዞ ነበር የሚሄደው። ባልደረቦቹ ሲስቁበት «ክሎሪኑ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል» ይላቸዋል።

ኮዳውን የሚሞላው ከጓሯችን ጉድጓድ ነው። ሳያገባ በፊት በገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ ነበር። የእንጨት ክዳኑ ሲነሳ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ፊት ላይ ይመጣል። ከወንዙ በኩል የፋብሪካ ጠረን አፍንጫ በሚሰነፍጥበት ቀን እንኳ፣ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ሌላ አገር የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከታች ክብ ሰማይ ይታያል፤ በመሃሉ የእኔ ፊት፣ በስተጎኑ የእናቴ። «ወደኋላ በይ፣ አንቺ ልጅ!» ትለኝና ቀሚሴን ጨምድዳ ትይዘኛለች። እናቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ቀሚሴን የያዘው እጇ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ሳይተኛ ጉድጓዱን ይለካ ነበር። በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ አለው፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሯል። ድንጋዩ ታች እስኪነካ ያወርደዋል፤ መልሶ ያወጣና እርጥብ የሆኑትን ቋጠሮዎች በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራል። ከዚያ በከሰል የጓሮው ግድግዳ ላይ ይጭራል። እናቴ «ግድግዳዬን ደብተር አደረገው» እያለች ታጉረመርም ነበር እንጂ አንድም ቀን አላጠፋችበትም።

እሷ ያረፈችው እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ በሐምሌ ነው። ሕመሟ አላቆያትም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ፣ ሁለታችንም ወሬ የማናውቅበት ነን። እሷ ነበረች ለሁለታችንም የምታወራልን።

አንድ እሑድ አባቴ ሳፋ አምጥቶ ቀይ አሸዋ ሞላበት። ቀይ አሸዋ ያን ጊዜ ከቱሉ ዲምቱ ኮረብታ እየተዛቀ ለመንገድ ሥራ የሚጫነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ነው። በጣቱ ሁለት ጉድጓድ አበጀበት፤ አንዱን ጥልቅ፣ አንዱን ትንሽ። ከሳፋው ጫፍ ላይ ውሃ አፈሰሰ። አሸዋው ጠጣውና ዝም አለ። ቆይቶ በሁለቱም ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ ብቅ አለ።

«ሰው ከምድር በታች ሐይቅ የተኛ ይመስለዋል» አለኝ። «ውሃው ያለው በድንጋዩ ስንጥቅና በአሸዋው ቀዳዳ ውስጥ ነው። እዚያ ቀዩ ኮረብታ ላይ የዘነበው ይሰርጋል፤ ሰርጎ ሰርጎ ወደዚህ ይመጣል።»

«በስንት ቀን ይደርሳል?»

«ቀን? በዓመታት እንጂ! አንድ ጂኦሎጂስት ነግሮኛል።»

እጁ አሸዋው ላይ እንደተጫነ «አሁን የምንጠጣው እናትሽ በሕይወት ሳለች የዘነበውን ነው» አለ።

አባቴ ከእሷ ሞት ወዲህ ለምን ኮዳውን ከእጁ እንደማይለይ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌላ ውሃ በአፉ አልዞረም ነበር። ለቅሶ ቤት ሲሄድ እንኳ የሚሰጡትን ውሃ ተቀብሎ አጠገቡ ያስቀምጠዋል እንጂ አይጠጣውም።

ሳፋው ላይ ሌላም ነገር አሳይቶኛል፤ ግን አላብራራልኝም። ከጥልቁ ጉድጓድ በጣሳ ደጋግሞ ሲቀዳ ትንሹ ጉድጓድ ደረቀ። አየኝ፤ አየሁት። ፈጠን ብሎ ትንሹ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ መለሰበትና እንደገና ሞላ። እኔ የያዝኩት ይህቺን የመጨረሻዋን ነው። ጥፋቴም የተጀመረው ከዚህ ነው።

እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት የጓሯችን ጉድጓድ መጉደል ጀመረ። ግድግዳው ላይ ያለው የከሰል ጭረት ከቅዳሜ ቅዳሜ እያጠረ ሄደ። በአካባቢው አዳዲስ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ነበር፤ ክረምቱም ስስታም ነበር፤ ኮረብታውም እየተዛቀ ነበር። ከመካከላቸው የትኛው እንዳደረቀው እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። አባቴ ግን በየቅዳሜው ከሞተሩ መጥቶ ገመዱን ሲያወርድ ዓይኔን አያየኝም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ለከተማው ውሃ ሲስብ ያድራል፤ ጠዋት መጥቶ የራሱን ይለካል።

አንድ ማለዳ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። አባቴ ጭቃውን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገና «ፋሲካ ይለፍ፤ እኔው ገብቼ ዝቅ አደርገዋለሁ» አለ።

ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ በአጥሩ በኩል ሰምተዋል። «አንተ ሰው፣ ዕድሜህን እወቅ እንጂ!» አሉት። «ከወንዙ ማዶ የገባው ቆፋሪ እንዴት እንደወጣ ረሳኸው? ከታች አየር የለም።»

«ሻማ በባልዲ አወርዳለሁ፣ ጋሼ። ሻማው ካልጠፋ እገባለሁ።»

«ሻማው ሳል የለበትም!»

አባቴ ሳቀ። እኔ ግን ወደ ቤት ገብቼ ትራስ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እናቴን ምድር ወስዳብኛለች። አሁን ደግሞ እሱ በገዛ እግሩ ሊገባባት ነው። ውሃው ከሞላ አይገባም፤ ሌላ ነገር አልታየኝም። ሳፋው ላይ በአንድ ጣሳ ሞልቶ አላየሁም እንዴ?

ከመንደራችን ጫፍ ቦኖ ነበረ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ደርድሮ የሚቀዳበት የሕዝብ ቧንቧ። ከትምህርት ቤት ስወጣ አባቴ ለሌሊቱ ሥራ ሄዷል፤ ሃያ ሊትር ጀሪካኔን ይዤ እሰለፋለሁ። ቀድቼ እመጣለሁ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እገለብጣለሁ፣ እመለሳለሁ። የማፈሰው ውሃ ታች ሲደርስ የሚያሰማው የመንቦጫረቅ ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

ቦኖዋን የምትጠብቀው ሴትዮ በአምስተኛው ዙር አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ደግሳችሁ ነው?»

«የእናቴ ተዝካር ነው።»

ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ «ነፍስ ይማር፣ የእኔ ልጅ» ብላ ከወረፋው አስቀደመችኝ። ከፊቴ የተሰለፉትም አሳለፉኝ። በሞተች እናቴ ስም ወረፋ ዘልዬ የቀዳሁትን ውሃ ተሸክሜ፣ ወደኋላ ሳላይ ሄድኩ።

በማግስቱ ክዳኑን ሳነሳ ጉድጓዱ ጭቃ ነበር። አንድም ክንድ የለም። ሳፋው ዳር ነበረው፤ ምድር ግን ዳር የላትም። ያፈሰስኩት ሁሉ በስንጥቁ ገብቶ በየአቅጣጫው ሄዷል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይሏችኋል ይሄ ነው። ያን ቀን ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ከመተው ይልቅ ሰዓቱን አሰላሁ፤ ዓርብ ማታ ቀድቼ በበርሜል አጠራቅሜ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት ብሞላው፣ እስኪለካው ድረስ አይጠፋም።

እንዳሰብኩትም ሆነ። ቅዳሜ አባቴ ገመዱን አውጥቶ ሲዳስስ ጣቱ አንድ ቋጠሮ ላይ ቆመ። እንደገና አወረደው። «ጨምሯል» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ። «ሁለት ክንድ ጨምሯል! ጋሼ! ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ!» ጎረቤታችንን በአጥሩ ላይ ጠራቸው። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ወደ ታች እያየ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን «አላለቀም፤ ገና እየመጣ ነው» አለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ እስከ ዛሬ ይቆረጥመኛል። ከእናቴ ሞት ወዲህ ሲስቅ አይቼው ነበር፤ ደስ ሲለው ግን ያን ቀን አየሁት። የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከቦኖ ቀድቼ።

ቁፋሮውን ተወው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላልኝ አለ። ውሃውን ካቆምኩ ይገባል፤ ካላቆምኩ ደግሞ ዕድሜ ልኬን እንዲህ እያታለልኩት ልኖር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ደግሜ ሞላሁት። አባቴ መጣ። ያን ዕለት ግን ገመዱን አላነሳም፤ ባልዲውን አወረደ። በጣሳ ጨልፎ ተጎነጨና አፉ ውስጥ ይዞ ቆመ። ሞተር ቤቱ ውስጥ ያንን የክሎሪን ሽታ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያሸት የኖረ ሰው ነው። እንዴት እንዳልታሰበኝ እንጃ። ልጅነት ነው መሰለኝ፤ ወይም ድካም።

ዋጠው። አልተፋውም።

«የቦኖዋ ሴትዮ ትናንት መንገድ ላይ አቁማኝ ‹ለተዝካሩ ምን እናግዝ› አለችኝ» አለ። «የምን ተዝካር ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር።»

እጆቼን ወደ ጀርባዬ ደበቅኳቸው።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ከጀርባዬ አወጣሁት። መዳፌ በጀሪካን እጀታ ተልጦ፣ ጣቶቼ ላይ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ነበር። አባቴ እጄን ይዞ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ለምን?»

«እንዳትገባ። አንተም እዚያው እንዳትቀርብኝ።»

ሐዲዱ ዳር አህያ ሲያናፋ፣ የጎረቤታችን ራዲዮ ዜና ሲያነብ ይሰማ ነበር። «ጂኦሎጂስቱ የነገረኝ ስለ ጥልቁ ውሃ ነው» አለ በመጨረሻ። «የእኛ ጉድጓድ ጥልቀት የለውም። የአምናውን ዝናብ ነው የሚጠጣው። ከእናትሽ ጊዜ የቀረ ነገር የለም፤ ካለቀ ቆይቷል። አውቀው ነበር፣ ልጄ። ጎንበስ ብዬ የማየው ቦታ ቢኖረኝ ብዬ ነው።»

ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ከአልጋው ሥር አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አወጣ፤ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። አፏ በላስቲክ ታስሯል።

«ይሄን እሷ ናት የቀዳችው» አለኝ። «በታመመችበት ቀን ጠዋት። ኮዳዬን እንድሞላበት ቀድታልኝ፣ በጥድፊያው ተረሳ። ከዚያማ ማን ይጠጣዋል።»

ላስቲኩን በጥርሱ ፈታው። እጄን ወደ ፊት እንድዘረጋ በአገጩ አመለከተኝና ጀሪካኗን ዘንበል አደረጋት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። የተላጠውን መዳፌን ሲነካ አቃጠለኝና ጮህኩ፤ ግን ያስጮኸኝ ማቃጠሉ አልነበረም።

«አባዬ፣ አትጨርሰው! ትንሽ ይቅር! በእናቴ ሞት፣ ትንሽ ይቅር!»

«ዝም በይ። ቁስል በንጹሕ ውሃ ነው የሚታጠበው» አለ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየለየ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሰልኝ።