ጋቢናውን ያልመታሁ ቀን

ትናንት ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ መኪናው ተንቀጠቀጠ። እግሬን ሳነሳ ተወው። ደግሜ ስረግጥ እንደገና ጀመረው። ዳር ይዤ ቆምኩ። እጄ ግን መሪውን አልለቅም አለ።

መኪናው የወንድሜ የከድር ነው። ነበር ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድኩትም። «ጨጓራ ነው፣ ይተወኛል» ሲለን ከርሞ፣ ሐኪም ቤት ስንወስደው ጊዜው አልፎ ነበር። ከቀበርነው ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ፒክአፑ ለእኔ ቀረ። ያው አሮጌው፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ዳገት ላይ ሊገድለን የነበረው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቡራዩ ላይ ትንሽ የጅምላ መደብር ነበረን፤ ከድር እቃ እየጫነ ሰበታና ሱሉልታ ላሉ ሱቆች ያደርሳል። ጥቅምት ላይ መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባዶውን ሲሄድ ደህና ነው። ተጭኖ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ከሆዱ ይንዘፈዘፋል፤ ብርድ እንደመታው ሰው። ከድር ካንዴላዎቹን ቀየረ። የነዳጅ ማጣሪያውን ቀየረ። አንዱ መካኒክ «ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ነው» አለው፣ እሱም ተቀየረ። ምንም ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ሰበታ ኦቦ ጉተማ ጋ ወሰድነው። ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ አባታችንም እሳቸው ጋ ነበር የሚያሠራው።

«አካም ቡልተን ኦቦ?» ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው ከድር።

«ናጋ። ይሄ በሬ ደግሞ ምን ሆነብህ?»

ሥሩ ገብተው ዘንጉን በእጃቸው ወዘወዙት፤ የላላ ነገር አላገኙም። ባዶውን ነድተው ተመለሱ።

«ምንም የለውም» አሉ።

«ሲጫን ነው እኮ ኦቦ።»

«ታዲያ ባዶውን ለምን አመጣህልኝ? የወባ በሽተኛ ትኩሳቱ ሲለቀው ነው እንዴ የሚመረመረው?»

ሁለት ነገር ጠረጠሩ። ወይ ሞተሩ ነው፣ ወይ ክሮቼራው። ክሮቼራ ማለት ከማርሽ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ የሚያያይዘው መስቀል መሰል ብረት ነው። ጭናችሁ ዳገት ውጡ፣ አንድ ሰው ከኋላ ተኝቶ መዳፉን ከዘንጉ በላይ ወለሉ ላይ ያድርግ፣ አሉ። «መንቀጥቀጡ ከመዳፉ ሥር ከመጣ ክሮቼራው ነው። ያኔ እንዳትነዳ። ዳገት ላይ ከተበጠሰ ዘንጉ ወለሉን ይመታል፣ መኪናውም ወደ ኋላ ይሄዳል።»

እኔ መዳፌን አየሁ። ሌላ ሰው አልነበረማ።

በማግስቱ ለሱሉልታ ደንበኛ ጨው ጫንን። በጆንያዎቹ መሃል ቦታ ተውኩና በሆዴ ተኛሁ። ወለሉ ይቀዘቅዛል። «ከሥርህ ከተሰማህ ጋቢናውን ምታ፣ እቆማለሁ» አለኝ ከድር።

አዲሱ ገበያ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ መታሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጉድጓድ ነበር። እዚያ ቆመን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ስንበላ ከድር በድንች ሻጯ ፊት ይቀልድብኝ ጀመር።

«ሙሔ፣ እንዲህ ከሆነ ሱሉልታ የምንገባው ለረመዳን ነው። ፍየል እንኳ የሚጮኸው ሲታረድ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ባሕር ዛፉ መሃል ገባን። ዳገቱ ጠነከረ። ከድር ነዳጅ ረገጠ፣ መጣ። ድብ፣ ድብ፣ ድብ። ከመዳፌ ሥር። አላጠራጠረኝም። ክንዴ ውስጥ ገብቶ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ቡጢዬን አነሳሁ። ፍየሉ ትዝ አለኝ። ይቺን ኩርባ ይለፍ፣ አልኩ። ከድር በመስታወት ያየኛል። እኔ ጆንያውን አያለሁ። ኩርባው አለፈ። አሁንም አልመታሁም።

ከዚያ ወለሉ ከሥሬ ተመታ። ደረቴን ያነሳኝ መሰለኝ። ብረት አስፋልቱን ሲፍቅ ሰማሁ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ ነው። ፍሬኑ ጭነቱን አልቻለውም። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና እየወጣ ነበር። ዘልዬ ወረድኩ። ጎማ የምናስደግፍበት ታኮ ከጨው ሥር ተቀብሯል። አንድ ጆንያ ጎትቼ ከጎማው ኋላ ጣልኩ። ጎማው ወጣበት፣ ጆንያው ፈነዳ፣ መኪናው ቆመ። የጭነት መኪናው ክላክሱን እያስጮኸ በአጠገባችን አለፈ።

ከድር የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብሮ ከኋላችን መንገዱ ላይ ደረደረ። ከዚያ መጣ።

«ተሰምቶህ ነበር?»

«አልተሰማኝም።»

ፊቴን አየኝ። «እሺ» አለ።

ከድር ደውሎላቸው ኦቦ ጉተማ ከሰዓት በታክሲ መጡ፤ አዲሱን ክሮቼራ በጋዜጣ ጠቅልለው። የተሰበረውን ሲያወጡ ቀይ የዝገት ዱቄት ፈሰሰ። ግራሶ የሚሉት ቅባት ደርሶት አያውቅም፤ ደርቆ ተናክሶ ስለነበር ነው በእጅ ሲወዘወዝ ያልታወቀው። እሳቸውና ከድር ሥሩ ሲሠሩ እኔ ጨው እሰበስብ ነበር። ከሜዳው ላሞች መጥተው አስፋልቱን ይልሳሉ። አዲሱ ተገጠመ፣ ግራሶ ጠጣ፣ ከነጭነቱ ዳገቱን ጨረስን። ወለሉ ረጭ አለ። እኔ ግን መዳፌን ከወለሉ አላነሳሁም።

ለከድር ሳልነግረው ቀረሁ። ያን ቀን ስናነሳ ስለ ላሞቹ ነበር የምናወራው።

በከድር ለቅሶ ላይ ኦቦ ጉተማ አጠገቤ ተቀመጡ። «ያን ቀን ሥሩ ተኝተን ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ልጁ መትቶልኝ ነበር ኦቦ፣ እኔ ነኝ ያልቆምኩት› አለኝ። ሰደብኩት።» እዚያም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ትናንት ዳር ይዤ የደወልኩት ለእሳቸው ነው።

«ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«አላውቅም ኦቦ። ፈርቻለሁ።»

«ጎሽ። እንግዲያው አትንቀሳቀስ። ታኮ አድርግ።»

ታኮ አደረግሁ፣ ቅጠል ደረደርኩ። ሲደርሱ፣ ሥሩ ሳይገቡ፣ ነገርኳቸው። «አልመታሁም ነበር ኦቦ። ተሰምቶኝ ነበር።»

ቁልፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ከድር ያን ሲነግረኝ ዐይኔን አያይም ነበር» አሉ። ከዚያ ክሪኩን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

አቀበልኳቸው። ከድር «ጨጓራ ነው» ሲለንም ዐይናችንን አያይም ነበር።