የጡት ወንድሜ ልብ ወለድ

የአማርኛ መምህራችን የጻፈውን ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ «ቋንቋው ማር ነው» ይላል። እኔም አልክድም። ግን ስለ ማር ከተነሣ እኔም የምለው አለኝ።

በጃንሆይ ዘመን አምቦ ሊያስተምር ሲመጣ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ እናቱን በልጅነቱ ያጣ፣ ኦሮምኛ አንድ ቃል የማያውቅ ከሲታ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ተስቦ ጣለው። ሰው ሁሉ ይይዘናል ብሎ ሲሸሽ እናቴ አጥሚት እየጋተች፣ ላቡን እየጠረገች፣ «ሙትና እኔ እገድልሃለሁ!» እያለች፣ ስትሳደብም ስታለቅስም አዳነችው።

ሲያገግም የጡት ልጅ አደረገችው። ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ እሷ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አጎረሰችው፣ እሱም እንደ ሕፃን ጠባ። እንዲህ የጠባ ሰው በእኛ አገር ከተወለደ ልጅ አይለይም፤ መካካድ የለም። ሲጠባ ጣቷን ነከሳትና «ይሄ ሌባ፣ ጥርስ አብቅሎ ነው የመጣው!» ብትል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔ ወንድም አገኘሁ ብዬ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እናቴ እንባዋን ጠርጋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ልጅ ኬሱማ የሚል ሰው ደጄን እንዳይረግጥ!» አለች። ኬሱማ እንግዳ ማለት ነው፤ እሱም መጀመሪያ የለመዳት የኦሮምኛ ቃል ይህችው ነበረች።

በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። መጀመሪያ በየበዓሉ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ ቀረ። እናቴ ለመስቀል ጭኮውን አዘጋጅታ ትጠብቅና ሲቀር «ሥራ በዝቶበት ነው፣ ምን ያድርግ» ትላለች። እኔ አንጀቴ ያርር ነበር።

መጽሐፉ ታትሞ እጃችን ሲገባ እናቴን ማን ይቻላት! አንድ ወጣት መምህር እኛ አገር መጥቶ እንዴት ሰው እንደሆነ የሚተርክ ነው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ አስቀምጣኝ «ልጄ የጻፈውን አንብቢልኝ» አለች። አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ።

አጻጻፉስ አፍ ያስከፍታል። የጉደርን ፏፏቴ ሲያወርደው አገሬን ገና ያየሁ መሰለኝ። ሰዎቹ ግን! አንዱ አይስቅ፣ አንዱ አይቆጣ። ሁሉም መስኮት ዳር ቆመው ዝናብ ያያሉ። እናቴን «ባለቤቲቱ» ይላታል። ድምጿ ከሦስት ቤት በላይ የሚሰማውን ሴትዮ አንደበት ነሥቷታል። ተስቦው ጋ ስንደርስ «ባለቤቲቱ ኩባያውን አስቀምጣ ወጣች» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው!

እናቴ የምትጠብቀው የማሩን ቀን ነበር። በየገጹ «ደረስሽ?» ትለኛለች።

«ገና ነው፣ አዮ» እላታለሁ፤ እናቴን የምጠራት እንዲህ ነው።

ደረስኩ። ማሩ በጣቷ ላይ ሲወርድ፣ ፀሐይ ሲያበራው፣ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎለታል። ከዚያ «ወጣቱ ልማዱን ፈጸመ። ምንም አልተሰማውም» ይላል።

ከመጽሐፉ ቀና አልኩ።

«ምነው ቆምሽ?»

«አለቀሰ ይላል» አልኳት።

«ፊደሉን ባላውቅ አንቺን አውቅሻለሁ። ያለውን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። አውራ ጣቷን አየት አድርጋ፣ «መንከሱስ? የሳቅነውስ? እሱም የለም?» አለችኝ።

«የለም፣ አዮ።»

«ፏፏቴውን አሳምሮታል» አለች። «እኛን ግን አልወደደንም።»

ደሜ ፈላ። ያኔ ያለቀሰው ውሸቱን ነው ወይስ አሁን የጻፈው? የትኛውም ቢሆን ከድቶናል። አንባቢ ፊት ኮስተር ያለ ሰው ለመምሰል ብሎ እንባውን ደብቆ ከሆነም፣ ከእሱ እንባ ጋር የእናቴንም ቀብሮታል። ይሄን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በፋሲካ ማግስት ከተፍ አለ። ጓደኞቹን ይዞ ፍል ውሃ ሊታጠብ መጥቶ ኖሮ፣ በዚያው እኛን ሊጠይቅ ነው። እነሱን መኪና ውስጥ ትቶ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ ገባ። ከሕመሙ ካገገመ ጀምሮ ይቀመጥባት የነበረችውን፣ እናቴ እግር ሥር ያለችውን አሮጌ በርጩማ ሊስብ እጁን ዘረጋ።

እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ በአክብሮት ሰላም አለችው። ልጄ አላለች፣ ሌባ አላለች። ምነው በሰደበችው ብዬ ጸለይኩ፤ ብትሰድበው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ለኬሱማው ወንበር አምጪለት» አለችኝ።

እጁ በርጩማዋ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔም ሄጄ ወንበሩን አመጣሁለት።